ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለው ክረምት የማን ነው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቤታችሁ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ካለ ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ስትጨርሱም ለእሱ ወይም ለእሷ ላኩላቸው።

በየዓመቱ ፈተናው ሲያልቅ በየቤቱ አንድ አባባል ይሰማል፦ «ውጤት እስኪመጣ ድረስ»። ልጁ ለምን እስከ አራት ሰዓት ይተኛል? ውጤት እስኪመጣ ድረስ ነው። ልጅቷ ለምን ከስልኳ ቀና አትልም? ውጤት እስኪመጣ ድረስ ነው። ጎረቤት «እኔ ዘንድ መጥቶ ሥራ ይልመድ» ሲል አባት ለምን «ቆይ እስቲ» ይላል? ያው ነው። 12 ዓመት ሙሉ «አጥና፣ አጥኚ» ሲባል የኖረ ልጅ በአንድ ቀን ምንም የማይባልበት ወቅት ውስጥ ይገባል። ተማሪ አይደለም፣ ሠራተኛም አይደለም። ሰው ሲጠይቀው እንኳ «እየጠበቅኩ ነው» ነው መልሱ።

ይህን ወቅት እንደ ተራ የዕረፍት ጊዜ እናየዋለን። በሀገራችን ግን ያ ክረምት ታሪክ አለው፤ ያውም ደም፣ ላብና ብዙ ክርክር ያለበት ታሪክ። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ነጥብ አንድ ነው። ላለፉት 60 ዓመታት ወጣቱ ትምህርት ጨርሶ ቀጣዩን እስኪጀምር ያለውን ጊዜ ወይ መንግሥት ወስዶታል፣ ወይ ማንም ሳይይዘው ባክኗል። ለባለቤቱ ተሰጥቶ ያየንበት ጊዜ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ክረምት መቼ ዕረፍት ሆነ?

ከመነሻው ክረምት ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ልጅ ዕረፍት ሆኖ አያውቅም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የገበሬው ልጅ ወደ እርሻው ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ የአረምና የከብት ጥበቃ ወራት ናቸው። ዕረፍት የሚመስል ነገር ካለ በበዓላቱ ነው፤ ወንዶቹ በቡሄ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ በሰሜን ልጃገረዶቹ አሸንዳና ሻደይ ይወጣሉ፣ ዓመቱ ሲለወጥ ደግሞ አበባየሆሽ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ቡድኑን የሚያዋቅሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አውራጁን ይመርጣሉ፣ የሚዞሩበትን ሰፈር ይከፋፈላሉ፣ የተሰበሰበውን ሙልሙልና ገንዘብ ይካፈላሉ። ትልቅ ሰው አያዛቸውም። የኢትዮጵያ ወጣት ክረምቱን ራሱ ማደራጀት አያውቅም የሚል ሰው ካለ ቡሄን አላየም ማለት ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሰው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ተከፈተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት መጣ፣ በ1943 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ትምህርት የጨረሰ ልጅ ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ሥራው ነው እሱን የሚፈልገው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ አየር መንገዱ፣ ቴሌው የተማረ ሰው ይጎድላቸው ነበር። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ያለው ክረምት አጭር ነበር፤ ጥያቄም አላስነሣም።

ጥያቄው የመጣው ትምህርት ቤቶች ሲበዙ ነው።

አንድ ዓመት ለሀገር

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሀገሪቱ መምህር አጣች። በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየተከፈተ ክፍል ውስጥ የሚቆም ሰው አልነበረም። በ1955 የትምህርት ዘመን የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየትምህርት ቤቱ ተመደቡ። ብዙዎቹ ኮሌጅ ገና የጨረሱ ወጣቶች ነበሩ። ያኔ የማይቀር ጥያቄ ተነሣ፤ የሩቅ ሀገር ወጣት ደብረ ማርቆስና ነቀምቴ ወርዶ ሲያስተምር የእኛዎቹ ስድስት ኪሎ ተቀምጠው ምን ይሠራሉ?

መልሱ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሆነ። ከ1957 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ። አብዛኛው በመምህርነት ተመደበ። አገልግሎቱ ዲግሪ ለማግኘት ግዴታ ነበር።

ሐሳቡ ከዩኒቨርሲቲው ነው የመጣው፣ ጊዜው የታወቀ ነበር፣ ሥራውም እውነተኛ ነበር። አንድ የትምህርት ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ቅሬታ ቢኖርም አገልግሎቱ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ዘለቀ። ማንም ያልጠበቀው ውጤትም አስከተለ። የከተማ ልጅ የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አየ። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የተማሪ ንቅናቄ መፈክሩን ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ይዞት ወረደ። መንግሥት መምህር የላከ መስሎት ጥያቄም አብሮ ላከ።

ወጣትን ወደ ሕዝብ ስትልከው ምን ይዞ እንደሚመለስ አትወስንም። ይህንን በኋላ የመጡት ገዥዎች ሁሉ ተምረውታል፤ አንዳንዶቹ በጣም ዘግይተው።

በ1960ዎቹ መግቢያ ሌላ ችግር ብቅ አለ። 12ኛን የጨረሰው በዛ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ያው ጠባብ ነበር፣ ቢሮውም መሙላት ጀመረ። መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ጥናት አስጠና። ጥናቱ መሠረታዊና ተግባራዊ ትምህርትን አስፍቶ ወደ ላይ የሚወጣውን በር የሚያጠብ ነበር። ወላጅ ይህን ሲሰማ «የድሃ ልጅ ከእርሻ እንዳይወጣ ሊያደርጉት ነው» ብሎ ተረዳው። መምህራን በየካቲት 1966 አድማ መቱ፤ አብዮቱን ካቀጣጠሉት ክስተቶች አንዱ ይኸው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ «ልጄ 12ኛን ከጨረሰ በኋላ ምን ይሆናል?» የሚለው የእናትና የአባት ጭንቀት ዘውድ ካነቃነቁት ነገሮች አንዱ ነው።

የ1967ቱ ዘመቻ

ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ቶሎ ካወጃቸው ነገሮች አንዱ «እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 በይፋ ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች፣ መምህራኖቻቸውም ጭምር፣ በድምሩ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው በመላ ሀገሪቱ በየጣቢያው ተበተነ። ያልዘመተ ትምህርቱን እንዳይቀጥል፣ ሥራም እንዳያገኝ ተወሰነ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

ስለዚህ ዘመቻ ሁለት ዓይነት ትዝታ አለ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። አንደኛው የኩራት ትዝታ ነው። የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ ካኪውን ለብሶ፣ ስሙን ሰምቶት ወደማያውቀው ወረዳ ሄደ። ፊደል አስተማረ፣ ጉድጓድ ቆፈረ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አዋጁን ለገበሬው አነበበለት፣ የገበሬ ማኅበር አደራጀ። ያ ትውልድ ሀገሩን በእግሩ ያየ ትውልድ ነው። ዛሬ 70 ዓመት የሚጠጋቸውን አባቶችና እናቶች ስለ ዘመቻ ጣቢያቸው ብትጠይቋቸው ፊታቸው ላይ የሚታየው ብርሃን የውሸት አይደለም።

ሁለተኛው የቁጭት ትዝታ ነው። ብዙ ተማሪ ከጅምሩ ዘመቻውን ተጠራጥሮታል። ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም የሚለውን ወጣት ከከተማ ለማራቅ የተዘየደ መላ ነው ያሉ ነበሩ፤ ጥርጣሬያቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከዚያም ሥራው መሐል መንገድ ላይ ተለወጠ። ፊደል ሊያስተምር የሄደው ልጅ በሦስት ወር ውስጥ የመሬት አዋጅ አስፈጻሚ ሆነ። ባለርስቱ ጠመንጃ ነበረው፤ ፖሊሱና አስተዳዳሪው ብዙ ጊዜ ከባለርስቱ ጋር ነበሩ። ተማሪው ደግሞ አዋጁ እንደ ጻፈው ሳይሆን እንደ ልቡ ሊሄድ ፈለገ። በጅማና በሌሎች አካባቢዎች ግጭት ተነሣ፤ ሕይወታቸውን ያጡ ዘማቾች አሉ። የታሰረ አለ፣ ጣቢያውን ጥሎ የሄደም ብዙ ነው።

ዋናው ችግር ግን የጊዜው ነበር። ዘመቻው እስከ 1968 ዘለቀ። በ1966 12ኛን የጨረሰ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ብሎ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ሲመለስ ያገኛት ከተማ ደግሞ የሄደባት አልነበረችም። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ሽብር መጣ፤ ያው ትውልድ ነው በየጎዳናው የወደቀው።

አንዳንድ ሰው ዛሬ ላይ ሆኖ «እንደ ድሮው ወጣቱን ማዝመት ነበር» ሲል እሰማለሁ። የሚናፍቀው ነገር ይገባኛል፤ ዓላማ ያለው ወጣት ማየት ነው። ነገር ግን ያ ዘመቻ ለወጣቱ ዓላማ የሰጠውን ያህል ምርጫውን ነጥቆታል። በግድ የተወሰደ ጊዜ ባለዕዳ አለው፤ ያን ዕዳ ማንም አልከፈለም።

ሰሌዳና ጠመኔ

ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ዘመቻ መጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እዚህም ተማሪና መምህር ተሰማሩ። እዚህም የቀበሌ ግፊት ነበረበት፤ በፈቃድ ብቻ የተደረገ ነው ብዬ አላሳምርላችሁም። ቢሆንም ከቀደመው በብዙ ነገር ይለያል። ሥራው አንድና ግልጽ ነበር፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መቁጠር። በዙር የተከፋፈለ ስለነበር ዙሩ መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ፣ በሶማሊኛ ተጀምሮ በኋላ 15 ቋንቋ ደርሷል። በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ፊደል ከቆጠረው ጎልማሳ ብዙው በኋላ ረስቶታል፤ ምክንያቱም የሚያነበው ጋዜጣም መጽሐፍም ወደ ቀዬው አልመጣም። የመንግሥት ቁጥሮችም ከሚገባው በላይ ያጌጡ ነበሩ። ነገር ግን የልጁን ደብዳቤ ሰው ፍለጋ ሳይሄድ በራሱ ያነበበ አባት፣ በጣት አሻራ ፈንታ ስሟን የፈረመች እናት የዚህ ዘመቻ ፍሬ ናቸው። አስተማሪያቸው ብዙ ጊዜ ከእነሱ ልጅ የማይበልጥ ተማሪ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ደርግን ለማወደስ አይደለም። ያው ደርግ በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አውጆ ወጣቱን ከፊደል ወደ ጦር ግንባር የላከ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ 18 ዓመት መሙላት ለብዙ እናቶች ደስታ መሆኑ ቀርቶ ስጋት ሆነ። ልጅ በአፈሳ እንዳይወሰድ መደበቅ የቤተሰብ ሥራ ሆነ።

ጊዜውን መንግሥት ሙሉ በሙሉ ሲወስደው መጨረሻው ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኤርትራ ውስጥ ከ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍልን ትምህርት የሚጨርሱት ሳዋ በሚገኘው ወታደራዊ ማሠልጠኛ ነው። በሕግ 18 ወር የተባለው ብሔራዊ አገልግሎት ከድንበሩ ጦርነት ወዲህ ለብዙዎች ማብቂያ የሌለው ሆኗል። ከሀገሩ የሚሰደደው ወጣት በዚህ ምክንያት እንደሚሰደድ ደጋግሞ ተናግሯል። ማብቂያው ያልታወቀ አገልግሎት ውሎ አድሮ አገልግሎት መሆኑ ይቀራል።

ማንም ያልያዘው ክረምት

ከ1983 በኋላ ተቃራኒው መጣ። አዝማች ጠፋ፤ ይህ በራሱ እፎይታ ነበር። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ትምህርት ቤቶችን አበዛ። በእኔ ዕድሜ ያለነው ልጆች እንዲያውም ሁለት የጭንቅ ክረምት ነበረን፤ አንዱ ከ10ኛ ክፍል ፈተና በኋላ፣ ሌላው ከ12ኛ በኋላ። 10ኛ ላይ ያላለፈው በ16 ዓመቱ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ያለፈው መሰናዶ ይገባል። ዩኒቨርሲቲዎችም በጣት ከሚቆጠሩት ተነሥተው ከ40 በላይ ሆኑ። ለተወሰነ ጊዜ «ማትሪክን ማለፍ» እና «ሰው መሆን» አንድ ነገር መሰለን።

ክረምቱ ግን ባዶ ሆነ። መንግሥት ለተማሪው ያለው ነገር የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው፤ ችግኝ መትከል፣ የአረጋውያንን ቤት ማደስ፣ ደም መለገስ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት። መልካም ነገር ነው። ብዙ ቦታ ግን ባነር ተሰቅሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በሪፖርት ተሸኝቶ ያልቃል። በሕይወታቸው የለወጣቸው ልጆች አሉ፤ ካፕና ቲሸርት ብቻ ይዘው የተመለሱ ደግሞ ብዙ ናቸው።

ከዚያም ክረምቱ ራሱ ቅርጹን አጣ። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ወጣና በመጀመሪያው ቀን ተሰረዘ፤ ተማሪው እንደገና ሊፈተን ተመለሰ። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዚያ ዓመት 12ኛ ክፍል ተማሪ የተፈተነው በየካቲት 2013 መጨረሻ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ «ነገ ነው፣ ከነገ ወዲያ ነው» ሲባል ከረመ። የትግራይ ልጆች ላይ ደግሞ ሰኔና ሰኞ ገጠመባቸው፤ በጦርነቱ ምክንያት የዚያን ጊዜ ፈተና ሳይወስዱ ቀርተው ለፈተና የተቀመጡት በ2016 መጀመሪያ ነው። በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ ሦስት ዓመት ተኩል ማለት ምን እንደሆነ አስቡ። ዛሬም በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች አሉ፤ ለእነሱ ጥያቄው ከ12ኛ በኋላ ምን ይደረግ ሳይሆን 12ኛ ራሱ መቼ ነው የሚል ነው።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ውጤቱ ራሱ ሌላ ዓለም ሆነ። የ2014 ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ ከ896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 8.4 ከመቶ ሆነ። እየተሻሻለ ነው፤ የሬሚዲያል ዕድልም የተወሰኑትን ያነሣል። ቁጥሩን በሌላ በኩል ስናነበው ግን በ2017 ከመቶ ተፈታኞች ከ91 በላይ የሚሆኑት የማለፊያ ነጥቡን አላመጡም።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ከአባቶቻችን ጥያቄ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በ1967 ክረምቱ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ድልድይ ነበር፤ ከወዲያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዛሬ ለአብዛኛው ልጅ ከድልድዩ ወዲያ የሚጠብቀው የተዘጋጀ ነገር የለም። «ውጤት እስኪመጣ ድረስ» ብለን ያስቀመጥነው ልጅ ውጤቱ ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ደላላው የሚመጣው ያኔ ነው። የዐረብ ሀገሩ መንገድ፣ የደቡብ አፍሪካው መንገድ፣ የቁማር መተግበሪያው፣ ጫቱ፤ ሁሉም የሚገቡት ማንም ባልያዘው ጊዜ በኩል ነው። ባዶ ጊዜ ባዶ ሆኖ አይቆይም።

ከታሪኩ ምን እንውሰድ?

60 ዓመቱን ጠቅለል አድርጌ ሳየው የተሳኩት ሙከራዎች ሦስት ነገር ነበራቸው። ማብቂያቸው ይታወቅ ነበር። ሥራው ለሰው በእውነት የሚያስፈልግ ነበር። ወጣቱም በሥራው ውስጥ የሚማረው ነገር ነበረው። የከሸፉት ደግሞ ወይ ማብቂያ አልነበራቸውም፣ ወይ ሥራቸው መሐል ላይ ተለወጠ፣ ወይ ከመነሻው ለታይታ ነበሩ። ምርጫ የሚባለው አራተኛው ነገር ግን በየትኛውም በትክክል አልነበረም። ዛሬ ያለው እሱ ነው። እንደ ድሮው አዝማች የለም። ምርጫው ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ ሦስቱን ነገር ራሳችን እንጨምርበት።

መጀመሪያ ማብቂያ እናብጅለት። «ውጤት እስኪመጣ ድረስ» ጊዜ አይደለም። ልጁ ደክሟል፤ ሁለት ሳምንት ይተኛ፣ ይዝናና፣ ዘመድ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ ግን «ከዛሬ ጀምሮ እስከ እንቁጣጣሽ» ይባል። ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት አንድ ነገር በደንብ ለመጀመር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ማስተማር። ይህ ሀገር በዚያ ዕድሜ ያለ ወጣት ሊያደርገው የሚችለውን ትልቅ ነገር ደጋግሞ አይቶታል፤ ያወቀውን ለማያውቅ ማካፈል ነው። 12ኛን የጨረሰች ልጅ የሰፈሩን አምስት የ7ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን ሒሳብ ብታስጠና ባነር አያስፈልጋትም። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳ፣ ጠመኔ ይበቃል። ለልጆቹ ይጠቅማቸዋል፤ ለእሷ ግን ይበልጣል። ያልገባንን ነገር የምናውቀው ለሌላ ልናስረዳ ስንሞክር ነው። ፈተናውን ካላለፈችም ለሚቀጥለው ዝግጅቷን የጀመረችው ያኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙያ። ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ የስልክ ጥገና፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ በስልክ የሚሰጡት ነጻ የኮምፒውተር ሥልጠናዎች፤ የትኛውም ይሁን። ብዙ ወላጅ «ልጄ ጋራዥ ከገባ ዩኒቨርሲቲን ይረሳል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከ1966ቱ ወላጅ የተወረሰ ነው፤ የእጅ ሥራን ከድህነት ጋር አንድ አድርጎ ያያል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ለሚገባው ሙያ ሸክም አይሆንበትም፤ ለማይገባው ደግሞ መሬት ይሆንለታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ሥራ ለማጅ ተብሎ እንደ ነጻ ጉልበት እንዳይበዘበዝ፣ ሰዓቱንና የሚማረውን ነገር ቀድማችሁ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው መናገር አለብኝ። ወንዱ «እየጠበቀ» ሲተኛ እሷ በአብዛኛው ቤት እየጠበቀች አይደለም፤ ወጥ ቤት ናት። ክረምቷ በእንጀራ፣ በልብስ ማጠብ፣ በታናናሾቿ ያልቃል፤ ማንም ሥራ ብሎ አይቆጥርላትም። ክረምቱን ለልጆቻችን እንስጥ ስንል ለወንዱ ብቻ ከሆነ ምንም አልሰጠንም። ወንድምየው ወጥ ይሥራ። አይሞትም።

በዚህ ክረምት ወረቀት ማስተካከልም ሥራ ነው። ፋይዳ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ፣ የስም አጻጻፍ ስሕተት ካለ ማስታረም። መስከረም ላይ ጥድፊያ ሲመጣ በየቢሮው ወረፋ ላይ ቀናትን ከመጨረስ ሐምሌ ላይ አንድ ሳምንት መስጠት ይሻላል።

ለሚመለከተው አካልም አንድ ሁለት ነገር። ፈተናው፣ ውጤቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባውና ጥሪው የሚሆንበት ጊዜ ቀድሞ ይነገር፤ ይከበርም። የታወቀ ቀን ለድሃ ቤተሰብ ገንዘብ ነው። ልጁ ሁለት ወር ወይስ አምስት ወር እንዳለው ካወቀ ሥራ መቀጠር ይችላል፤ ካላወቀ ማንም አይቀጥረውም። ሌላው ደግሞ ክረምት ሲመጣ የትምህርት ቤቶችን ቤተ መጻሕፍት አትቆልፉ። መጽሐፉ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ አንባቢውም ሥራ ፈቶ በር ላይ ቆሟል። የጎደለው ቁልፍ የያዘ ሰው ነው።

«ይህ ሁሉ ምክር ለደላው ነው» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ክረምት ክረምት የሚባል ነገር የማያውቁ፣ ከፈተናው ማግስት ጀምሮ ሱቅ የሚሸጡ፣ ሊስትሮ የሚሠሩ፣ እርሻ የሚያርሱ ልጆች ብዙ ናቸው። እነሱን የምመክርበት አፍ የለኝም፤ ከእነሱ መማር ነው ያለብን። የምናገረው ልጁን በፍቅር ብዛት አስቀምጦ ጊዜውን ለሚያባክንበት ቤት ነው። ያ ቤት ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ለአንተ 12ኛን ለጨረስከው ወንድሜ፣ ለአንቺም እህቴ አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። ከ50 ዓመት በፊት በእናንተ ዕድሜ የነበሩ ልጆች ክረምታቸውን በአዋጅ ተነጥቀዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት በአፈሳ ፍርሃት አሳልፈውታል። ከእናንተ ጥቂት ዓመት የሚበልጡት በወረርሽኝና በጦርነት አጥተውታል። የእናንተ ግን፣ ሰላም ባለበት አካባቢ ያላችሁ ማለቴ ነው፣ በእጃችሁ ነው። ውጤቱን የሚወስነው ፈተናው ነው፤ እሱ አልፏል። እስከ እንቁጣጣሽ ያለውን ጊዜ የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ።

መልካም ክረምት።